ሮም በሰማያዊው መስመር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚሄድ ሰው

ሮም ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሁለቱን ቀን ዓለም ሁሉ ለሚያውቃቸው ቦታዎች ይስጥ፤ ሦስተኛውን ግን ለሰማያዊው መስመር ያስቀረው። በሮም ሜትሮ ካርታ ላይ ሰማያዊ የተቀባው “ቢ” መስመር ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ ዶጋሊን፣ የአክሱምን ሐውልትና የ1928 ዓ.ም.ን ወረራ የሚያነሱ ቦታዎችን አንድ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ያከታትላቸዋል። ከወሎ የሄደ ሰው ኮሎሲየምን ብቻ አይቶ ቢመለስ ያየው ማንም የሚያየውን ነው። ይህን መስመር ከጨመረበት ከተማዋ ስለ እኛ ምን እንደጻፈች አንብቦ ይመጣል። (“ዓ.ም.” ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን።)

ከመነሳት በፊት

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ለጉዞው 15 ቀን እስኪቀር መቆየት ግን አያዋጣም። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይፈጃል፤ ማጣራት ካስፈለገ እስከ 45 ቀን ይሄዳል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ለሆነ ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የጉዞ የጤና መድኑ ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን፤ ከመድረሻ እስከ መመለሻ ያለውን እያንዳንዱን ቀን መያዙን አረጋግጡ። አሻራ በአካል ቀርቦ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። አንዲት ወረቀት ጎድላ 400 ኪሎ ሜትሩን ሁለቴ ላለመመላለስ ፋይሉን ደሴ ላይ ጨርሱት።

የእኛ አገር ሰው በብዛት የሚቸገረው በስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ፣ ሰይድ፣ ፋጡማ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል አምስት ዓይነት ይጻፋሉ። የባንኩ ደብዳቤ አንድ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሦስተኛ ከሆነ መርማሪው ያያቸው ሰነዶች የሦስት ሰው ይመስሉታል። ፓስፖርቱን ፎቶ አንስታችሁ ደብዳቤ ለሚጽፍላችሁ ሁሉ ላኩ፤ ፊደል በፊደል ይገልብጠው። ከዚሁ ጋር፣ ከማመልከቻው ሦስት ቀን በፊት በአንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ገንዘብ የገባበት የባንክ መግለጫ ከሚጠቅም ይልቅ ይጎዳል። በየወሩ ሲገባና ሲወጣ የሚታይ መጠነኛ ሂሳብ ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ሰዓት ነው። ትኬት ላይ 08:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2:30 ነው፤ 15:00 ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት። ሮም ከእኛ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስልኩ ራሱን ያስተካክላል፤ በእጅ የሚታሰር ሰዓት ግን ሲያርፉ ወዲያው መስተካከል አለበት። ቻርጀሩ ሁለት ቀጭን እግር ካለው ያለ ማገናኛ ይሠራል። ወፍራም ክብ ራስ ያለው ግን ሦስት ቀዳዳ በአንድ ረድፍ የተደረደረበት የጣሊያን ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ወሩን በተመለከተ፦ ቶሳ ሥር ላደገ ሰው የሮም ሐምሌና ነሐሴ ከባድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፤ ሙቀቱም በቀላሉ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የኮምቦልቻ ሰው ትንሽ ይችለው ይሆናል። ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ዋናው ጣቢያ ተርሚኒ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው፤ 32 ደቂቃ ይፈጃል። ኦስቲየንሴ ጣቢያ የሚያደርሰው ተራ ባቡር ግን 8 ዩሮ ነው። ኦስቲየንሴ ከሰማያዊው መስመር ፒራሚዴ ጣቢያ ጋር በውስጥ መተላለፊያ ስለሚገናኝ ማረፊያችሁ በዚያ መስመር ላይ ከሆነ ይህ ይበልጣል። የወረቀት ትኬት ከቆረጣችሁ መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ሳታስመቱ አትሳፈሩ፤ ያልተመታ ትኬት እንዳልተቆረጠ ተቆጥሮ ያስቀጣል።

ዓለም ሁሉ የሚያያቸው

የኮሎሲየም ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ የፎሮ ሮማኖን ፍርስራሽና የፓላቲኖን ኮረብታ ይጨምራል፤ ለ24 ሰዓትም ያገለግላል። ኦፊሴላዊው ገጽ ሽያጩን የሚከፍተው ከጉብኝቱ 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ የጎብኚው ስም ትኬቱ ላይ ስለሚጻፍ በር ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። ለክፍያ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ካርዳችሁ ለውጭ አገር የኢንተርኔት ክፍያ የተከፈተ መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ባንኩን ጠይቁ።

ብዙ ሰው ከኮሎሲየም ይጀምርና ኮረብታው ላይ ሲደርስ ፀሐዩም ድካሙም አሸንፎት ይመለሳል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። በጠዋት በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ባለው በር ወደ ፓላቲኖ ግቡ፤ እዚያ ሰልፉ አጭር ነው። ከኮረብታው ወደ ፎሮው ውረዱና ለሦስት ሰዓት ያህል ከተዘዋወራችሁ በኋላ ኮሎሲየም የምትገቡበት ሰዓት እንዲደርስ አድርጋችሁ ትኬቱን ቁረጡ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰልፉ ግን ግማሽ ቀን ስለሚበላ ሦስት ቀን ላለው ሰው አልመክረውም።

ፓንቴዮንን ሰው በፀሐይ ቀን ይመርጠዋል። እኔ የምለው ዝናብ ሲጥል ሩጡ ነው። ጉልላቱ አናቱ ላይ 9 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አለው፤ መስታወትም ክዳንም የለውም። ዝናቡ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወርዶ ወለሉ ላይ ባሉ 22 ትናንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። የጉልላቱ ስፋትና ከወለል እስከ አናት ያለው ቁመት እኩል 43.3 ሜትር ነው። አንድም ፌሮ የለበትም፤ እስከ ዛሬም በዓለም ላይ ፌሮ ከሌላቸው የኮንክሪት ጉልላቶች ትልቁ ነው። ግንበኞቹ ሥሩን 6 ሜትር ያህል አወፈሩት፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያሳሱ ጫፉ ላይ ወደ 1.2 ሜትር አወረዱት። ድንጋዩንም ለወጡ፤ ከታች ከባዱን፣ ከላይ እንደ ቡሽ የቀለለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላቀሉበት። አሁን የቆመው በ126 ገደማ በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን የተሠራው ነው። መግቢያው 5 ዩሮ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግባት ነጻ ነው፤ ፍተሻው ግን ረጅም ሰልፍ ይፈጥራል። ጠዋት አንድ ሰዓት በሩ ሲከፈት የደረሰ በደቂቃዎች ይገባል፤ አራት ሰዓት ላይ የመጣ አደባባዩን የሚዞር ሰልፍ ይጠብቀዋል። ረቡዕ ጠዋት ሊቀ ጳጳሳቱ ሕዝብ ስለሚቀበሉ ሌላ ቀን ምረጡ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የተጣጠፈች ነጠላ ችግሩን ትፈታለች። ወደ ጉልላቱ 551 ደረጃ ይወጣል፤ አሳንሰር የወሰደ ሰው 320 ይቀረዋል። ደሴን ሽቅብ ቁልቁል ሲወጣና ሲወርድ ላደገ ሰው ደረጃው ቀላል ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን መተላለፊያው ይጠብና ግድግዳው ከጉልላቱ ጋር አብሮ ስለሚያጋድል ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ባይወጣ ይሻላል።

አናቱ ላይ ሁሉም ፊቱን ወደ አደባባዩ ያዞራል። እናንተ ወደ ኋላ፣ ወደ አትክልቱ ዙሩ። በዚያ በኩል የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያንና በ1919 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሌጅ አሉ። ሊቀ ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ ቤተ ክርስቲያኑን በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡት። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የወጣው ከእነዚሁ መነኮሳት ፊደሉን በተማረ ጀርመናዊ እጅ እዚሁ ሮም ነው። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና 1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን እዚህ አሳተሙ፤ የተቀበሩትም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቦታው ለዕለታዊ ጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ስለዚህ ከላይ ሆኖ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

የቫቲካን ሙዚየም 20 ዩሮ ነው፤ በኢንተርኔት ሲያዝ 5 ዩሮ ይጨመራል። ሲስቲና ጸሎት ቤት ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። በትሬቪ ፏፏቴ ንጋት ላይ ተገኙ፤ ከረፈደ በኋላ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። የስፓኝ ደረጃ ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ከ250 ዩሮ ይጀምራል።

ውሃ፣ ቡና፣ ምግብ

የታሸገ ውሃ አትግዙ። ከተማዋ ውስጥ ከ2,000 የሚበልጡ የመንገድ ቦኖዎች ሌት ተቀን ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ ያፈሳሉ። ቱቦውን ከታች በጣት ስትደፍኑት ከላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍ በሚመች አቅጣጫ ይፈናጠራል።

ቡና የሚጠጣው ባንኮኒ ላይ ቆሞ ነው። እኛ ባንኮኒ የምንለው ከነሱ የመጣ ቃል ስለሆነ ትግባባላችሁ። መጀመሪያ ካሳው ጋ፣ ማለትም ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ፣ ይከፈላል፤ ደረሰኙ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይታዘዛል። አንድ ዩሮ ከጥቂት ሳንቲም የነበረው ቡና ታዋቂ አደባባይ ላይ ወንበር ስበው ከተቀመጡ ሦስትና አራት ዩሮ ይሆናል። ማኪያቶ ብትሉ የሚመጣው ጠብታ ወተት የነካው አጭር ቡና ነው፤ የደሴ ፒያሳን ማኪያቶ የሚመስለውን የፈለገ ካፑቺኖ ይበል። ላቴ ብቻ ያለ ሰው ባዶ ወተት በብርጭቆ ይቀርብለታል።

ለጾመኛ፣ ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ በነጭ ሽንኩርትና ዘይትም በየቦታው አለ፤ ሲያዝዙ “ሴንሳ ፎርማጆ”፣ ማለትም ያለ አይብ፣ ማለት ይበቃል። ለሙስሊም ተጓዥ ዋናው ቃል “ማያሌ”፣ አሳማ፣ ነው። ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ የሚባሉት የሮም ፓስታዎች ሦስቱም የአሳማ ጉንጭ ሥጋ ስላለባቸው ስማቸውን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። አንዳንድ ቂጣም በአሳማ ስብ ይለወሳል። በ1995 የተከፈተው ታላቁ መስጊድ ከፍላሚኒዮ በሚነሳው የሰሜን ባቡር ካምፒ ስፖርቲቪ ጣቢያ ወርዶ ይገኛል። እንጀራ ያማረው ሰው በተርሚኒ ዙሪያ ያሉትን መንገዶች ይዙር፤ የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እዚያ ናቸው።

ሰማያዊው መስመር

አንድ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ሜትሮ ውስጥ የሚያስገባው ግን አንዴ ብቻ ነው። ካርድ በሩ ላይ በማስነካትም ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ኪስ አውላቂዎች የሚሠሩት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፦ ነጥቀው ይወርዳሉ፣ እናንተ ከውስጥ ትቀራላችሁ። ስልክ ይዛችሁ በር አጠገብ አትቁሙ።

ጠዋት ከሰሜን ጀምሩ። መስመሩ ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ባቡር ሬቢቢያ፣ ግማሹ ጆኒዮ ይሄዳል። ፊቱ ላይ ጆኒዮ የሚለውን ይዛችሁ ሊቢያ በሚባለው ጣቢያ ውረዱ። ይህ የአፍሪካ ሰፈር ይባላል፦ የኢትዮጵያ ጎዳና፣ የኤርትራ ጎዳና፣ የአዲስ አበባ አደባባይ፣ የጅማ አደባባይ። ስሞቹ የቅኝ ግዛት ምኞት የጻፋቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ዛሬ ሱቅና መኖሪያ ነው፣ ሐውልት የለውም። ቁርስ በልቶ የመንገዱን ታፔላ ፎቶ ለማንሳት አንድ ሰዓት አይሞላም። የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ያሉትን ረጃጅም የ1950ዎቹ ፎቆች የነደፈውን ማሪዮ ሪዶልፊን ግን አስታውሱት፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ታገኙታላችሁ።

ተርሚኒ ስትወጡ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሐውልታቸው ከጣቢያው የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ላይ፣ በሉዊጂ ኤይናውዲ ጎዳና፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ በዛፍ ጥላ ውስጥ ቆሟል። ጫፉ ላይ ያለው ድንጋይ ራምሴስ ሁለተኛ ያሠራው የግብፅ ሐውልት ሲሆን እዚያው ሮም ውስጥ በ1883 ተቆፍሮ የወጣ ነው። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው እዚሁ ሥር ነበር። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን አይቶ ተንበርክኮ ከጸለየ በኋላ ሰይፉን የመዘዘው በዚህ ቦታ ነው። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ብዙ መንገደኛ ሐውልቱን ሳያየው ያልፋል፤ ስለዚህ ጸጥታ አለው፤ ቀስ ብላችሁ ዙሩት።

ከተርሚኒ ወደ ላውሬንቲና አቅጣጫ ሦስተኛው ጣቢያ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ስትወጡ የሚገጥማችሁ ትልቁ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሲነደፍ ግን ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር፤ ከነዳፊዎቹ አንዱ ያው ሪዶልፊ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በ1937 የተተከለው ከፊቱ ባለው የፖርታ ካፔና አደባባይ ነበር። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል አንቀጽ 37 የወሰደችውን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ፈረመች፤ ሐውልቱ ግን ከ50 ዓመት በላይ እዚያው ቆየ። በ2002 መብረቅ መታው፤ ተነቅሎ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በሚያዝያ 2005 በሦስት በረራ አክሱም ገባ፤ በ2008 ተተከለ። ቦታው ላይ አሁን በመስከረም 2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሞቱት መታሰቢያ የተደረጉ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ። ስለ አክሱም የሚናገር ነገር ፈልጋችሁ አትድከሙ። ፎቶ ስታነሱ ዓምዶቹንና የመሥሪያ ቤቱን ፊት አንድ ላይ አስገቡ፤ የቀድሞ ፎቶዎች ላይ ሐውልቱ የት እንደነበር የሚያስለየው ያ ሕንፃ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የጥንቱን የፈረስ መሮጫ ይዛችሁ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ውጡ፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የማልታ ባላባቶች አደባባይ ላይ ያለው የተዘጋ በር የቁልፍ ቀዳዳ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት በአጥር ቅጠል መካከል ልክ ቀለበት ውስጥ እንዳለ ፈርጥ ያሳያል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወረፋው ይረዝማል። ፎቶ ለማንሳት የስልኩን ሌንስ ቀዳዳው ላይ አስጠግታችሁ ስክሪኑ ላይ ጉልላቱን ንኩና ብርሃኑን ቀንሱ፤ ካልሆነ ጉልላቱ ነጥቶ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ኤውር ማሊያና ጣቢያ። አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ሲወጣ አራት ማዕዘኑ ኮሎሲየም የሚባለው ሕንፃ ይደረሳል፤ በእያንዳንዱ ገጹ 6 ረድፍ፣ በየረድፉ 9 ቅስት፣ ባጠቃላይ 216 ቅስት አለው። አሁን የታወቀ የልብስና የቆዳ ድርጅት ዋና ቢሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ቅስቶቹ ላይ የሚወርደው ጥላ ያምራል፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚመጣው ለዚያ ነው። እናንተ ከጥላው በላይ፣ ከጣራው ሥር የተቀረጸውን ትልቅ ጽሑፍ ተመልከቱ። ስለ ገጣሚዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ጀግኖች፣ ቅዱሳን፣ አሳቢዎች፣ ሳይንቲስቶች፣ መርከበኞችና ባሕር ተሻጋሪዎች ሕዝብ ይላል፤ አራቱም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ቃሉ የተወሰደው ሙሶሊኒ ኦክቶበር 2 ቀን 1935 በኢትዮጵያ ላይ ጦርነት መክፈቱን ካወጀበት ንግግር ነው። ያ ቀን በእኛ መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰፍረውባት የነበረችው ደሴ ከሆስፒታሏ ጋር በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ከንግግሩ 65 ቀን በኋላ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጻፉለትና ሕንፃው ሥር ቆሞ ያንብብ።